ፈራሚው ማን ነው? የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናርና የዓለም አቀፍ ሙግት ትምህርት

እንደምን ዋላችሁ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን «ስለሚያሳስብህ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ደብዳቤ ጻፍ» ብትሉት ብዙውን ጊዜ አድራሻው ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ «ለተባበሩት መንግሥታት»፣ «ለዓለም መሪዎች በሙሉ»፣ አለዚያም «ለሚመለከተው ሁሉ»። ሐሳቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቋንቋውም ያምር ይሆናል። ግን እንዲህ ያለ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ቢደርስ ለማን እንደሚመራ አይታወቅም፤ ስለዚህ የሚመራው የለም።

ትንንሽ የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናሮች ተማሪን ወደ ዓለም አቀፍ ሙግት (ማለትም ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳይ ለሚወስን ሰው ጥያቄ አቅርቦ መከራከር) ያስገባሉ ሲባል ብዙ መምህራን የሚያስቡት ስሜት መቀስቀስን ነው። ዘጋቢ ፊልም ይታያል፣ እንግዳ ይጋበዛል፣ ቲሸርት ይሠራል። የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ስሜት አላነሰውም። ያነሰው «በዚህ ጉዳይ ላይ እሺ ወይም እምቢ ብሎ መፈረም የሚችለው ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚፈልግበት ስልት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ስልት በአንድ ሰሚስተር እንዴት ማስተማር እንደሚቻል፣ ለምን በትንሽ ክፍል እንደሚሻል፣ የት የት ላይ እንደሚበላሽም ነው።

ክፍሉ ለምን ትንሽ እንደሚሆን በሂሳብ እንየው። አንድ ክፍለ ጊዜ 100 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ ለመክፈቻ፣ ለማብራሪያና ለቀጣዩ ሳምንት ሥራ 25 ደቂቃ ቢወስድ 75 ይቀራል። ተማሪዎቹ 15 ከሆኑ ለያንዳንዱ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል፣ 60 ከሆኑ ደግሞ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። በአምስት ደቂቃ አንድ ሰው ሐሳቡን ይናገራል፣ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ «እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ» ለማለትም ጊዜ ይተርፈዋል። በአንድ ደቂቃ ግን ስሙንና የመጣበትን ከተማ ተናግሮ ይቀመጣል።

ይህ አደረጃጀት የቆየ ነው። ሃርቫርድ የፍሬሽማን ሴሚናሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ፣ አብረዋቸው የተጠቀሱት ወሮችና ቀኖችም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ አንድ ሴሚናር አሥራ ሁለት ያህል ተማሪ ይይዛል፤ በፊደል ውጤት ፈንታ «አጥጋቢ» ወይም «አጥጋቢ ያልሆነ» ብቻ ይሰጣል። ውጤቱ እንዲህ የሆነው አዲስ ገቢ ተማሪ የማያውቀውን ነገር ለመሞከር እንዳይፈራ ነው። ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ «ዩኒቨርሲቲ 101» የተባለውን ኮርስ በ1972 ሲጀምር መነሻው ሌላ ነበር። በግንቦት 1970 የቬትናም ጦርነት በቀሰቀሰው ቁጣ ተማሪዎች የአስተዳደሩን ሕንጻ ወረው ነበር። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጆንስ ከዚያ ቀውስ በኋላ የደረሱበት ሐሳብ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ገና ከመግቢያው ጀምሮ በቅርብ ማወቅና ማድመጥ አለበት የሚል ነው። ኮርሱ ራሱ የተማሪ ጩኸት የወለደው ነው ማለት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በአገራችን የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ግሎባል ትሬንድስ፣ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ኢንክሉሲቭነስ የመሳሰሉ የጋራ ኮርሶች አብረው መጡ። ርዕሱ ስለዚህ አለን፣ የሌለን ክፍሉ ነው። ሃምሳና ስልሳ ተማሪ የያዘ መምህር «የምትሉት ለሀብታም ዩኒቨርሲቲ ነው» ቢል እውነት አለው። እንዲህ ያለ ክፍል ግን በአራት ክብ ሊከፈል ይችላል። እያንዳንዱ ክብ 15 ሰው ይይዛል። በየሳምንቱ መምህሩ ከአንዱ ክብ ጋር ሙሉውን ሰዓት ይቀመጣል፤ ሦስቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ወይም ቤተ መጻሕፍት የተሰጣቸውን የጽሑፍ ሥራ ይሠራሉ። በአሥራ ስድስት ሳምንት ሰሚስተር እያንዳንዱ ተማሪ አራት እውነተኛ ሴሚናር ያገኛል። አራት ጥቂት ነው፤ ከዜሮ ግን ይሻላል። ይህ አሠራር የሚበላሸው ሦስቱ ክቦች የሚሠሩት ሥራ በዚያው ሰዓት ማብቂያ ካልተሰበሰበ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ተማሪ ወደ ዶርም ይሄዳል።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ተማሪው ዝም ሲል መምህሩ «አላነበበም» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አንብቧል፤ በእንግሊዝኛ ለመናገር እየፈራ ነው። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁለት ሁለት ሆነው በሚቀላቸው ቋንቋ እንዲነጋገሩ ካደረጋችሁና ከዚያ ወደ ክቡ ከመለሳችኋቸው ዝምታው ይሰበራል። ከእያንዳንዱ ተማሪ በእጅ የተጻፈ አንድ ጥያቄ በግማሽ ገጽ ቀድሞ መቀበልም ይረዳል፤ መምህሩ ወረቀቱን አይቶ «የአንተን ጥያቄ አንብብልን» ይላል። የጻፈውን ማንበብ በድንገት ከመናገር ይቀላል። የሳምንቱ ንባብ ከ20 ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሃምሳ ገጽ የሰጠ መምህር የሚያወያየው ያነበቡትን አራት ተማሪዎች ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በሴሚናር ውስጥ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ስታቩዲን፣ በአጭሩ ዲፎርቲ የሚባለው መድኃኒት፣ በመጀመሪያ የተሠራው በ1960ዎቹ ለካንሰር ታስቦ ነበር። በ1980ዎቹ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዊሊያም ፕሩሶፍና ታይ ሹን ሊን ኤች አይ ቪን እንደሚገታ አገኙ። ዬል የፓተንቱ፣ ማለትም በሕግ የሚሰጠው የፈጠራ መብት፣ ባለቤት ሆነ፣ መድኃኒቱን የማምረትና የመሸጥ ብቸኛ ፈቃድ ለብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ኩባንያ ሰጠ፤ ኩባንያው በ1994 ዜሪት በሚል ስም ገበያ ላይ አዋለው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ብቻ ከዚህ መድኃኒት ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሮያሊቲ (ኩባንያው ለፈቃዱ የሚከፍለው ድርሻ) ገቢ አግኝቷል።

በየካቲት 2001 ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በኬፕታውን አቅራቢያ በካዬሊቻ ሕክምና ለመጀመር እየተዘጋጀ ነበር። ለዬል የጻፈው ደብዳቤ ረጅም አይደለም። የጠየቀውም «ለድሆች እዘኑ» የሚል አይደለም። ጥያቄው ይህ ነበር፦ የዚህን መድኃኒት ርካሽ ቅጂ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብናስገባ ፓተንታችሁን እንደጣስን ትቆጥሩታላችሁ ወይ? የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ መልስ ብቸኛውን ፈቃድ ለኩባንያው ስለሰጠን መመለስ የሚችለው እሱ ነው የሚል ሆነ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ገቡ። ከመካከላቸው አንዷ ኤሚ ካፕቺንስኪ ያን ጊዜ የሕግ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነበረች። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ፊርማ አሰባሰቡ፤ ፕሩሶፍ ራሳቸው መድኃኒቱ ለድሆች እንዲደርስ እንደሚፈልጉ በአደባባይ ተናገሩ፤ ጋዜጦች ያዙት። መጋቢት 14 ቀን 2001 ኩባንያው በደቡብ አፍሪካ ፓተንቱን ተጠቅሞ ማንንም እንደማይከስና ዋጋውን በቀን ወደ 15 ሳንቲም፣ ማለትም በዓመት ወደ 55 ዶላር፣ እንደሚያወርድ አስታወቀ። ከደብዳቤው እስከ ውሳኔው አንድ ወር ገደማ ነው። ከዚህ እንቅስቃሴ ዛሬም በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ ያለው፣ «ዩኒቨርሲቲዎች ለመሠረታዊ መድኃኒቶች» ሊባል የሚችል የተማሪዎች ድርጅት ተወለደ።

ተማሪዎች ይህን ታሪክ ሲሰሙ «ተማሪዎች ጮኹ፣ ኩባንያው ተሸነፈ» ብለው ያጠቃልሉታል። መምህሩ እዚያ ላይ ማቆም የለበትም። ጩኸቱ የሠራው ጥያቄው በአንድ ውል ላይ ያነጣጠረ ስለነበረ ነው። ፓተንቱ የዬል ነው፣ ፈቃዱ የኩባንያው ነው፣ ጥያቄውም «ክስ አንመሠርትም ብላችሁ ጻፉ» ነው። ማንም ገንዘብ እንዲያወጣ አልተጠየቀም፣ ሕግ እንዲለወጥም አልተጠየቀም። ደግሞ ጊዜው አግዟቸዋል። በዚያው ወቅት 39 የመድኃኒት ኩባንያዎች የደቡብ አፍሪካን መንግሥት ከሰው የዓለም ዓይን ሁሉ እዚያ ላይ ነበር፤ በሚያዝያ ክሱን ራሳቸው አነሱት። የሕንዱ የመድኃኒት አምራች ሲፕላ በየካቲት የሦስት መድኃኒቶችን ሕክምና በዓመት በ350 ዶላር እንደሚያቀርብ አስታውቆ ነበር። ተማሪዎቹ የገፉት በሩ መከፈት በጀመረበት ሰዓት ነው። ይህን መንገር ተማሪን ተስፋ አያስቆርጥም፤ ቀን መቁጠሪያ ማየትን ያስተምረዋል።

የታሪኩ ቀሪ ክፍልም መነበብ አለበት። በኢትዮጵያ ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በ2005 ሲጀመር ስታቩዲን በመጀመሪያ ተርታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ይህ የሆነው በዬል ተማሪዎች ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ የርካሽ መድኃኒት ታሪክ ብዙ እጆች አሉበት። በኋላ መድኃኒቱ የነርቭ ሕመምና የፊትና የእግር ስብ መሟሟት እንደሚያስከትል እየጎላ መጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 አገሮች ቀስ በቀስ እንዲተዉት መከረ። በ2001 ሕይወት ያዳነ ነገር በ2009 የሚተው ሆነ ማለት ነው። ለፈራሚው የቀረበ ጥያቄ እሺ ከተባለ በኋላም ጉዳዩ እንደማያልቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ ይመርጣሉ። ብዙ ሴሚናር የሚሰናከለው እዚህ ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ»፣ «ድህነት»፣ «ሰላም» የሚሉ ርዕሶች ይመጣሉ። መምህሩ ርዕሱን አይከልክል፣ አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ይስጥ። ሰንጠረዡ አራት ዓምድ አለው። በመጀመሪያው የሚፈርመው ሰው የሥራ መደብ ይጻፋል፤ የመሥሪያ ቤት ስም አይበቃም። በሁለተኛው ለዚህ ሰው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብለት ማን እንደሆነ፣ በሦስተኛው እንዲፈርም የሚፈቅድለት ወይም የሚከለክለው የትኛው ሕግ፣ ውል ወይም መመሪያ እንደሆነ፣ በአራተኛው ደግሞ ውሳኔው መቼ እንደሚሰጥ ይጻፋል። አራቱን መሙላት ያልቻለ ርዕስ ይጠብባል፣ ይጠብባል፣ እስኪሞላ ድረስ። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ አትቸኩሉ። አራተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። በእኛ አገር የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ሐሳብ ሰኔ ላይ ይዞ የመጣ ተማሪ በጀቱ ተደልድሎ ያገኘዋል።

አዲስ አበባ ለሚማሩ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ከተማው ውስጥ ስለሆኑ ተማሪዎች «ዓለም አቀፉ እዚሁ ነው» ብለው ደብዳቤውን ወደዚያ ይልካሉ። በኅብረቱ ውስጥ ግን በአብዛኛው የሚወስኑት አባል አገሮች ናቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ ያዘጋጃል፣ ያስፈጽማል። ሰንጠረዡ በትክክል ከተሞላ ፈራሚው ብዙ ጊዜ አንድ ሚኒስቴር ውስጥ ያለ ዳይሬክተር ሆኖ ይገኛል።

አንድ ጉዳይ ከእጃችን ሳይርቅ እንሥራ። በ2013 በማራካሽ ከተማ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ጸደቀ። ዓይነ ስውራን፣ የማየት ችግር ያለባቸውና በሌላ የአካል ጉዳት ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሚነበብ ዲጂታል ፋይል እንዲያገኙ፣ ሥልጣን የተሰጣቸው ተቋማት የደራሲውን ወይም የአሳታሚውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ቅጂውን እንዲያዘጋጁና ከአገር አገር እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል። ስምምነቱ በመስከረም 2016 ሥራ ላይ ዋለ፣ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀላቀለች። ተማሪ ይህን ሲያነብ «እንግዲህ ተፈርሟል፣ ምን ቀረ?» ይላል።

የቀረው በየግቢው ነው። የማየት ችግር ያለበት ተማሪ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለው። ኤንቪዲኤ የተባለው በነጻ ይገኛል፤ አብሮት የሚመጣው ድምፅ አማርኛም ይሞክራል። መምህሩ ግን በቴሌግራም የላከው ሃንድአውት በስልክ ካሜራ ተነስቶ ፒዲኤፍ የተደረገ ነው። ለሚያይ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ፎቶ ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍትና አንድም ቃል ሳያነብ ያልፈዋል። ይህን በክፍል ውስጥ በተግባር አሳዩ፦ አንዱን ፎቶ ፒዲኤፍ፣ አንዱን የዎርድ ፋይል ክፈቱ፣ ስክሪኑን ዝጉ፣ ስሙ። ከአንድ ሰዓት ሌክቸር ይልቅ ያ ዝምታ አእምሯቸው ውስጥ ይቀራል።

ከዚያ በሰንጠረዡ ሂዱ። ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚያስቡት መፍትሔ «ስካነር ይገዛልን» ነው። ፈራሚውን ሲፈልጉ ግን ሌላ ነገር ያገኛሉ። የጋራ ኮርሶች ሞጁል የተጻፈው በኮምፒውተር ነው፤ ዋናው ፋይል ያዘጋጀው አካል ዘንድ አለ። ስለዚህ ለሞጁሎቹ የሚያስፈልገው ግዢ ሳይሆን ፋይሉን የሚለቅ ሰው ነው። ስምምነቱ የሚያስፈልገው በአሳታሚ ለታተሙ መጻሕፍት ነው፤ ለእነዚያ ስካን ማድረግ፣ በፕሮግራም ወደ ጽሑፍ መለወጥና በሰው ማረም ግድ ነው፣ ፕሮግራሙ ቅርጻቸው የተቀራረቡ የአማርኛ ፊደሎችን ያምታታልና። ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት ያስፈልጋል? አትገምቱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው እያረመ፣ አሥር ገጽ ሥሩና ሰዓቱን ያዙ። ያን ለአሥር አካፍላችሁ በመጽሐፉ ገጽ ብዛት አባዙት። ለቤተ መጻሕፍት ኃላፊው ይዛችሁ የምትሄዱት ቁጥር እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ከማድረጋችሁ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ፦ የማየት ችግር ያለባቸውን ተማሪዎች መጠየቅ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ተማሪዎች ብሬል ለማሳተም ሲሯሯጡ ተጠቃሚዎቹ የሚፈልጉት በስልክ የሚደመጥ ፋይል ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ችግራቸው መጽሐፉ ሳይሆን ፈተና ላይ የሚያነብላቸው ሰው ማጣት ነው። የአካል ጉዳተኞች ንቅናቄ «ስለ እኛ ያለ እኛ ምንም» የሚለው ለዚህ ነው። በተግባር ሲተረጎም ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ረቂቁን ያያሉ፣ የመሰረዝ ሥልጣንም አላቸው ማለት ነው። ስለ ስደት ሠራተኞችም ያው ነው። በገልፍ አገሮች ስላሉ እህቶቻችን የሚጻፍ የክፍል ሥራ ፊታቸውን፣ የአሠሪያቸውን ስም ወይም ያሉበትን ሠፈር የሚያሳይ ነገር ከያዘ ጉዳቱ በእነሱ ላይ ይደርሳል፣ በተማሪው ላይ አይደለም። እንዲህ ያለው ርዕስ ላይ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣውን የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189ን፣ አንብቡና ከየአገሩ ሕግ ጋር አንቀጽ በአንቀጽ አስተያዩ። የግለሰብ ታሪክ ሳያስፈልግ የሚሠራ ሥራ ነው።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ሁለት ገጽ ከሆነ ጥያቄው አልጠራም ማለት ነው። ከላይ ቀንና አድራሻ፣ «ጉዳዩ፦» ከሚለው ሥር የሚፈለገው ነገር በአንድ መስመር። «ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ችግር» ጉዳይ አይደለም፤ «የፍሬሽማን ሞጁሎች በዎርድ ፋይል እንዲሰጡ ስለመጠየቅ» ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ጥያቄውን ይናገራል፣ ሁለተኛው ሁለት ወይም ሦስት የተጣሩ መረጃዎችን፣ ሦስተኛው ፈራሚው ይህን ለማድረግ የሚያስችለውን ሕግ ወይም የተቋሙን የራሱን መመሪያ፣ የመጨረሻው መቼ መልስ እንደሚጠበቅና ማንን ማነጋገር እንደሚቻል። የተማሪ ረቂቅ ብዙ ጊዜ ሁለት አንቀጽ ሙሉ ሰላምታና ምስጋና ይዞ ይመጣል፤ አንድ መስመር ይበቃል። ቅሬታም በጥያቄ ቦታ ይገባል፤ «እስከ ዛሬ ምንም አልተደረገልንም» የሚል ዓረፍተ ነገር ለፈራሚው የሚፈርምበት ነገር አይሰጠውም። ግልባጩ በሰንጠረዡ ሁለተኛ ዓምድ ላለው ሰው ይሁን፤ ውሳኔውን አርቅቆ የሚያቀርበው እሱ ነውና። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተማል፣ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተመቶበት ይመለሳል። ያ ቁጥር ከሌለ በሦስተኛው ሳምንት «የምን ደብዳቤ?» ስትባሉ መልስ የላችሁም።

በደብዳቤው ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ከሁለት የተለያዩ ምንጮች መጣራት አለበት፣ ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ የመጀመሪያውን የገለበጠ እንዳይሆን። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ በጣም ጠቃሚ ልምምድ አለ፦ የእምቢታውን ምክንያት በአንድ ገጽ መጻፍ። እምቢ የሚለው ሰው አንብቦት «አዎ፣ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። የዬልን ታሪክ ሲሠሩ ተማሪዎች የኩባንያውን ጠበቃ ሆነው ይጽፋሉ፦ ያለ ፓተንት ማን ገንዘብ አውጥቶ ምርምር ያደርጋል? ርካሹ መድኃኒት ወደ ሀብታም አገር ተመልሶ ቢሸጥስ? እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። እነሱን ቀድሞ ያልጻፈ ተማሪ ስብሰባ ላይ ሲጠየቅ ወይ ይናደዳል ወይ ዝም ይላል።

ስብሰባው ከተገኘ ሃያ ደቂቃ ነው ብላችሁ አስቡ። አራት ተማሪ ይበቃል። አንዱ ያስተዋውቃል፣ አንዱ መረጃውን ይናገራል፣ አንዱ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያቀርባል፣ አንዱ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ከባዱ የሦስተኛው ሥራ ነው። በባህላችን ትልቅን ሰው ፊት ለፊት «ይህን ያደርጉልናል ወይ?» ማለት ድፍረት ይመስላል፤ ስለዚህ ተማሪው ዙሪያውን ይዞርና «እንግዲህ እርስዎ የሚያውቁትን ያድርጉ» ብሎ ይጨርሳል። ጨዋነት ነው፣ ግን ስብሰባው ያለ ጥያቄ አለቀ። በክፍል ውስጥ ደጋግማችሁ አለማምዱት፦ ዓረፍተ ነገሩን አንቱ ብሎ፣ በትሕትና፣ ግን እስከ ጥያቄ ምልክቱ ድረስ ይናገር፣ ከዚያ ዝም ይበል። ዝምታውን መቋቋም የሚከብደው ጠያቂውን ነው፤ ራሱ ይሰብረውና «ካልተቻለም ችግር የለም» ይላል፣ ያኔ ነገሩ አበቃ። በነጋታው ከሃያ አራት ሰዓት ሳያልፍ የተባለውን በአምስት መስመር ጽፎ መላክ የአራተኛው ተማሪ ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ለሚማሩ ልጆቻችን መዋቅሩ ተመሳሳይ ነው። የኮንግረስ አባል ቢሮ ሲሄዱ የሚያነጋግራቸው ብዙውን ጊዜ ረዳት ነው፤ ቅር ሊላቸው አይገባም፣ የሰንጠረዡ ሁለተኛ ዓምድ እሱ ነው። የሚኖሩበትን ዚፕ ኮድ (የአካባቢውን የፖስታ ቁጥር) መጀመሪያ ይናገሩ፤ ቢሮው የሚመዘግበው እሱን ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከግብር ነጻ ተቋማት ስለሆኑ ለምርጫ ተወዳዳሪ መቀስቀስ አይችሉም፤ ስለዚህ የክፍል ሥራ ስለ ጉዳይ እንጂ ስለ ዕጩ መሆን የለበትም። በተማሪ ቪዛ ያለ ልጅ ደግሞ ስሙ የማይወጣበት ሥራ የመምረጥ መብት ይኑረው፤ ምክንያቱን ሳይጠየቅ። እዚህም አገር ቤት ያው ነው። መምህሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለዲፓርትመንቱ ወይም ለፍሬሽማን አስተባባሪው በጽሑፍ ቢያሳውቅ ተማሪዎቹን ከብዙ ችግር ያድናቸዋል።

ውጤት አሰጣጥ ላይ መታለፍ የሌለበት አንድ መስመር አለ። ተማሪ ለያዘው አቋም ማርክ አይሰጠውም፤ ጥያቄው እሺ ስለተባለ ወይም እምቢ ስለተባለም እንዲሁ። ማርኩ ለሰንጠረዡ፣ ለመረጃው ማጣራት፣ ለእምቢታው ገጽና ለቃለ ጉባኤው ነው። ጉዳዩን የማይደግፍ ተማሪ የተቃራኒውን ደብዳቤ ጽፎ እኩል ማርክ ማግኘት አለበት። ይህ ካልሆነ ተማሪው መምህሩ የሚወደውን አቋም ይገምታል፣ እሱን ይጽፋል፣ ከዚያ ሴሚናሩ ስለ መምህሩ ይሆናል። የግሩፕ ሥራውን በሽታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ የስድስት ሰው ስም ይጻፋል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ወረቀት ከአንድ ስም ጋር ማሰር ነው፤ የፈራሚው ሰንጠረዥ ሦስተኛ ዓምድ የእገሌ ነው፣ የእምቢታው ገጽ የእገሊት ነው።

ሰሚስተሩ ማብቂያ ላይ ደብዳቤው ገና መልስ አላገኘ ይሆናል። ሦስትና አራት ወር ለአንድ ክፍል ረጅም ነው፣ ለአንድ ውሳኔ ግን አጭር ነው፤ ሁሉም ጉዳይ እንደ ስታቩዲን በአንድ ወር አይቋጭም። ብዙ ሴሚናር እዚህ ላይ ይሞታል፦ ተማሪዎቹ ለየትምህርት ክፍላቸው ይበታተናሉ፣ የቴሌግራም ግሩፑ ዝም ይላል፣ የሚቀጥለው ዓመት ክፍል ያንኑ ርዕስ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ለፋይሉ ይሁኑ። ካርቶን ክላሰር ይበቃል። ውስጡ የተሞላው ሰንጠረዥ፣ የገቢ ቁጥር ያለበት የደብዳቤ ቅጂ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የእምቢታው ገጽና አንድ ሉህ ይኖራል። ሉሁ ላይ ማን ምን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንዳለ፣ ቀጣዩ ስልክ ለየትኛው ቢሮ መደወል እንዳለበት ይጻፋል፤ ፈራሚው ከቦታው ከተቀየረም የተተካው ሰው የሥራ መደብ ይገባል። ክላሰሩ መምህሩ ቤት ሳይሆን ቤተ መጻሕፍት ወይም አስተባባሪው ቢሮ ይቀመጥ፤ መምህርም ይዛወራል። አዲሶቹ ተማሪዎች ሲመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ክላሰሩን ይከፍታሉ፣ የገቢ ቁጥሩን ይዘው መዝገብ ቤት ይሄዳሉ፣ «ይህ ደብዳቤ ለማን ተመራ?» ብለው ይጠይቃሉ።